ለሥራ ብቻ የተባለችው ክፍል

አንድ ወዳጃችን ባለፈው ወር ወደ ቤታችን መጥቶ፥ የሚሠራበትን ኩባንያ ትቶ በግሉ የኮምፒዩተር አማካሪ ለመሆን ማሰቡን ከነገረን በኋላ፥ «ለመሆኑ ከግብር ላይ ምን ምን ይቀነሳል?» ሲል ጠየቀን። ጥያቄው አጭር ነበር፤ መልሱ ግን ቡናው ከአቦል እስከ በረካ ደርሶ እንኳ አላለቀም። እርሱ ከሄደ በኋላ፥ ይህንኑ ጥያቄ በልባቸው የያዙ ሌሎች ቤተ ሰቦችም ይኖራሉ ብለን በቤታችን የደረሰውን እንደ ደረሰ ለመጻፍ ቆረጥን።

የምንኖረው በአሜሪካ አገር፥ ከዋሽንግተን ከተማ አጠገብ፥ በሜሪላንድ ግዛት በሲልቨር ስፕሪንግ ነው። የቤታችን እመቤት በአንድ ሆስፒታል ነርስ ናት። አባወራው ደግሞ ዐሥራ አንድ ዓመት በደመወዝ ከሠራ በኋላ፥ ከ2023 መጀመሪያ አንሥቶ አነስተኛ መሥሪያ ቤቶች ኮምፒዩተሮቻቸውንና በውስጣቸው ያለውን መረጃ ከሌባ እንዲጠብቁ የሚያማክር የግል ባለሙያ ሆነ። ይህን ጽሑፍ ሁለታችን ተቀምጠን ስለ ጻፍነው «እኛ» እንላለን። ወሮቹና ዓመቶቹም ሁሉ በዚያ አገር አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ደመወዝተኛ ሰው ግብሩን ሳያየው ይከፍላል። ገንዘቡ እጁ ከመግባቱ በፊት አሠሪው ቆርጦ ለመንግሥት ያስገባለታል፤ ለጡረታና ለአረጋውያን ሕክምና የሚከፈለውም መዋጮ ከመቶ 7.65 ከሠራተኛው፥ ከመቶ 7.65 ደግሞ ከአሠሪው ይሰበሰባል። በግሉ የሚሠራ ሰው ግን ሠራተኛም አሠሪም እርሱ ራሱ ነውና ሁለቱን ደምሮ ከመቶ 15.3 ይከፍላል፤ የሚቆርጥለትም ሰው የለም። እኛ ይህን በወሬ ሰምተነው ነበር እንጂ በልባችን አላሳደርነውም። የመጀመሪያው ክፍያ አንዲት ሳንቲም ሳይጎድል ሙሉውን በመጣ ጊዜ ደስታችን ወሰን አልነበረውም። «እስከ ዛሬ ምን ያህል ሲወሰድብን ኖሯል!» እያልን ተገረምን፤ በሳምንቱም ለሳሎናችን ምንጣፍ ገዛን።

ምንጣፉን ባየን ቁጥር ዛሬም ትንሽ እናፍራለን። ምክንያቱም ግብሩ ዓመቱ እስኪያልቅ የሚጠብቅ አይደለም፤ በግሉ የሚሠራ ሰው በኤፕሪል 15፥ በጁን 15፥ በሴፕቴምበር 15ና በተከታዩ ዓመት ጃንዩወሪ 15 እየገመተ እንዲከፍል ሕጉ ያዝዘዋል። (ሩብ ዓመት ይባላሉ እንጂ ርዝመታቸው እንኳ እኩል አይደለም፤ ከመጀመሪያው እስከ ሁለተኛው ሁለት ወር ብቻ ነው። ይህን ያወጣው ሰው በግሉ ሠርቶ የማያውቅ ይመስለናል።) እኛ በዚያ ዓመት ከአራቱ አንዱንም አልከፈልንም። ዓመቱ ሲያልቅ የአባወራው ገቢ ወጪው ተቀንሶለት 70,000 ዶላር ያህል ሆነ። በዚህ ላይ የጡረታውና የሕክምናው መዋጮ ብቻ 9,891 ዶላር ነበር፤ የገቢ ግብሩና የሜሪላንድ ግብር ገና አልተጨመሩበትም።

እንግዲህ ሰው ተቀናሽን የሚፈልገው እንዲህ ባለ ጊዜ ነው። በአገራችን የገቢ ግብር ሕግ የደመወዝ ገቢ በሠንጠረዥ ሀ፥ የኪራይ ገቢ በሠንጠረዥ ለ፥ የንግድ ሥራ ገቢ በሠንጠረዥ ሐ እንደሚመደብ፥ በአሜሪካም በግሉ የሚሠራ ሰው ገቢውንና ወጪውን የሚያስታውቅበት ቅጽ ሦስተኛውን የላቲን ፊደል ይዞ ሠንጠረዥ ሲ ይባላል። በዚያ ቅጽ ላይ ለሥራው ያወጣውን ይቀንሳል። ሕጉም ወጪው በዚያ ሙያ የተለመደና ለሥራው የሚያስፈልግ መሆን አለበት ይላል። ብዙ ሰው በዚህ ቦታ የሚሳሳተው፥ መቶ ዶላር ወጪ ካስመዘገበ መንግሥት መቶውን ዶላር የሚመልስለት እየመሰለው ነው። እንዲህ አይደለም፤ የሚቀርለት በመቶው ዶላር ላይ ይከፍል የነበረው ግብር ብቻ ነው። በእኛ ቤት ይህ አንድ ሦስተኛውን ያህል ነበር። ስለዚህ «ከግብር ይቀነሳል» እየተባለ የተገዛ አላስፈላጊ ዕቃ ሁሉ ሁለት ሦስተኛው ኪሳራ ነው።

ደግሞ በአንድ ጣራ ሥር ሁለት ዓይነት ሕግ እንዳለ ያወቅነው በዚያን ጊዜ ነው። እመቤቲቱ ሌሊቱን ሙሉ ቆማ የምትሠራበትን ጫማ፥ የሥራ ልብሷንና የሙያ ፈቃዷን ማሳደሻ የምትከፍለው ከራሷ ኪስ ነው። ይሁን እንጂ ደመወዝተኛ ስለ ሆነች ከዚህ ሁሉ አንዱንም በፌዴራሉ ግብር ላይ መቀነስ አይፈቀድላትም፤ በ2017 የወጣው ሕግ ከ2018 ጀምሮ ከለከለ፥ በ2025 የወጣውም ክልከላውን ቋሚ አደረገው። አባወራው ግን ወንበሩንም የኮምፒዩተሩንም ገመድ ይቀንሳል። ይህ ለእኛ ፍርደ ገምድል ይመስለናል፤ ወንበሩ የተመቸ ነው፥ ጫማው ግን በየስድስት ወሩ ያልቃል።

በማርች 2024 በሰፈራችን የግብር ቅጽ በመሙላት ወደ ታወቀ አንድ ሰው ሄድን። ትሑትና ሥራው ፈጣን ሰው ነው፤ ስሙን አናነሣም። ብዙ ወገኖቻችን በተራ ተቀምጠው ይጠብቁት ነበር። ወረቀቶቻችንን አገላብጦ አየና ቀና ብሎ፥ «ጋሼ፥ መኪና አለዎት?» አለ። አለን። «ሙሉውን ለሥራ እንጽፈዋለን። ስልክስ? ሙሉውን። ሙሉ ልብስ ገዝተዋል? ደንበኛ ፊት የሚቀርቡበት ነው፤ ይገባል። የቤተ ሰቡ የጤና መድንስ? ይቀነሳል። ለቢሮ የለዩት ክፍል አለ?»

ክፍል ነበረን። ከፎቁ ላይ፥ በመስኮት በኩል የጎረቤታችን ዛፍ የሚታይባት፥ 12 ጫማ በ14 ጫማ የሆነች ክፍል ናት። አባወራው ሥራውን በጀመረ ጊዜ ጠረጴዛውን እዚያ አኖረ። ሕጉ ለዚህ ቀላል መንገድ አለው፤ ለሥራ የተለየው ቦታ በካሬ ጫማ ይለካና፥ ከ300 ካሬ ጫማ ሳይበልጥ፥ በአንዱ ካሬ ጫማ 5 ዶላር ይታሰባል። ስለዚህ 168 ካሬ ጫማ 840 ዶላር ይሆናል። ሰውዬውም 840 ብሎ ጻፈ። ከዚያ በኋላ የሚከፈለው ግብር በኮምፒዩተሩ መስኮት ላይ እየወረደ ሲሄድ አየን። በዚያች ሰዓት የተሰማንን ዕረፍት መካድ አይገባንም። ዕዳው ለታላቁ ልጃችን ትምህርት ያስቀመጥነውን ገንዘብ ሊበላ ደርሶ ነበር፤ አሁን ግን የተረፈ መሰለን።

«እንግዲህ እዚህ ላይ ይፈርሙ» አለን።

እመቤቲቱ የምትፈርምበትን ሳታነብ የመፈረም ልማድ የላትም፤ በሆስፒታል የሚሠራ ሰው ይህን ይማራል። ከፊርማው በላይ በደቃቅ ፊደል የተጻፈው ቃል፥ ፈራሚው ቅጹንና አባሪዎቹን መርምሮ እውነተኛና የተሟላ መሆኑን እንደሚያረጋግጥ፥ ሐሰት ቢሆን በሐሰት እንደ መሰከረ ሰው እንደሚጠየቅ የሚናገር ነው። አነበበችውና እስክሪብቶውን አስቀመጠች። «ክፍሏ ላይ እኮ እማማ ተኝተውባታል» አለች።

እውነት ነው። የአባወራው እናት በ2023 ጁን 2 ቀን ከአዲስ አበባ መጥተው እስከ ኖቬምበር 27 ቀን ከእኛ ጋር ነበሩ። አልጋቸው የተዘረጋው በዚያች ክፍል ነው። አባወራውም በእነዚያ ስድስት ወሮች ኮምፒዩተሩን ይዞ ወደ ምግብ ቤቱ ጠረጴዛ ወረደ፤ ልጆቹ የቤት ሥራቸውን ከሚሠሩበት ከዚያው። የሕጉ ቃል ደግሞ ቦታው «ዘወትርና ለሥራ ብቻ» የሚውል ይሁን ነው የሚለው። «ብቻ» የምትለው ቃል አጭር ናት፤ ነገር ግን ስንቱን ቤት እንደምታስቸግር በኋላ ተረዳን። ቀን ቢሮ፥ ማታ የእንግዳ መኝታ የሆነች ክፍል አትቀነስም።

ሰውዬው ሣቀ። «እትዬ፥ እማማ እኮ ዛሬ የሉም፤ አልጋቸውም ተነሥቷል። ማን መጥቶ ያያል? ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይባል የለም?» አለን።

ወረቀቱን ሳንፈርም ይዘን ወጣን። ይህን ስንል ግን አንባቢያችን ወዲያው የጸደቅን እንዳይመስለው። ሁለት ሌሊት ተከራከርን። አባወራው እንዲፈረም ይፈልግ ነበር፤ «ሁሉም ሰው እንዲሁ ያደርጋል፥ 840 ዶላር ለዚህ መንግሥት ምኑ ነው?» ይል ነበር። እመቤቲቱም የምትመልሰው ስለ መንግሥት አልነበረም፤ የምትፈራው አንድ ቀን ደብዳቤ ቢመጣ በሆስፒታሉ ምን ይባላል እያለች ነበር። እንዲያውም ከሁለታችን የማናችንም ምክንያት የሚያስመሰግን አልነበረም። ነገሩን የቆረጠው ሌላ ነው። በሁለተኛው ሌሊት አባወራው፥ ቢጠይቁኝ ምን ብዬ እመልሳለሁ ብሎ መልሱን በወረቀት ላይ ለመጻፍ ሞከረ። መልሱ «በዓመቱ ውስጥ በዚህች ክፍል ማንም አልተኛባትም» የሚል መሆን ነበረበት። ያን ዐረፍተ ነገር ጽፎ አየው። እናቱ በዐሥራ አራት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ቤቱ መጥተው ስድስት ወር የተኙባት ክፍል ናት። ቀደደውና ተኛ።

ከዚያ በኋላ በቨርጂኒያ ግዛት በአሌክሳንድሪያ ከተማ የምትሠራ አንዲት አረጋዊት የሒሳብ ዐዋቂ ዘንድ ሄድን። እርሷ ከመጻፏ በፊት መጠየቅ ትወዳለች። መኪናው ማንን ወዴት ያደርሳል? እመቤቲቱን ለሌሊት ሥራ፥ ልጆቹን ወደ ትምህርት ቤት፥ አባወራውን ወደ ደንበኞቹ። እንኪያስ ሙሉው ለሥራ አይደለም። የማይል መዝገብ ይዛችኋል? አልያዝንም። በዚህ ጊዜ ፊቷ ጠቆረ። ይሁንና የአባወራው የቀጠሮ መዝገብና ለደንበኞቹ የላካቸው የክፍያ መጠየቂያዎች ቀንና ቦታ ስለ ነበረባቸው፥ ሦስት ምሽት ተቀምጠን እያንዳንዱን ጉዞ ከእነርሱ አወጣን። 1,800 ማይል ሆነ። በ2023 የተፈቀደው በማይል 65.5 ሳንቲም ስለ ነበረ 1,179 ዶላር ተቀነሰ። ስልኩን ከወር ሒሳቦቹ አይታ ከመቶ ስድሳ አደረገችው። ሙሉ ልብሱን ሰረዘችው፤ በመንገድና በሠርግ ሊለበስ የሚችል ልብስ ለሥራ ቢገዛም አይቀነስምና። ከደንበኛ ጋር የተበላ ምሳ ግማሹ ብቻ ይቀነሳል። ልጃችን የተወለደበት ቀን የተበላው እራት ግን ከደንበኛ ጋር እንደ ተበላ ሆኖ መጻፉን እኛም ያየነው እርሷ ስታነሣው ነው።

በጣም ያስደነገጠን የጤና መድኑ ነው። በግሉ የሚሠራ ሰው ለራሱና ለቤተ ሰቡ የከፈለውን የጤና መድን መቀነስ የሚፈቀድለት በትዳር ጓደኛው አሠሪ በኩል የሚገባበት መድን ከሌለው ነው። እኛ ግን ሁላችን የምንታከመው በእመቤቲቱ ሆስፒታል መድን ነው፤ ክፍያውም ከደመወዟ ላይ የሚቆረጠው ግብር ሳይታሰብበት ነው። ስለዚህ አንዱን ገንዘብ ሁለት ጊዜ ልንቀንስ ነበር። ያ ትሑት ሰው ይህን ሳያውቅ አድርጎት ይሆናል። እኛ ግን ስለ ክፍሏ ሁለት ሌሊት ተከራክረን፥ ከእርሷ ብዙ ዕጥፍ የሚበልጠውን ሐሰት ሳናየው ልንፈርምበት እንደ ነበረ ስናስብ አፈርን።

ዳሩ ግን እርሷ መሰረዝ ብቻ ሳይሆን ያልተጻፈውንም አገኘች። አባወራው ለደንበኞቹ ስሕተት ቢያደርግ የሚጠበቅበት የሙያ መድን፥ የምስክር ወረቀቱን ያሳደሰበት የፈተና ክፍያ፥ በየወሩ የሚከፍልባቸው የኮምፒዩተር ፕሮግራሞች፥ የሥራው የባንክ ሒሳብ ክፍያ፥ በ1,900 ዶላር የተገዛው ኮምፒዩተር፥ እነዚህ ሁሉ የተለመዱና አስፈላጊ ወጪዎች ሆነው ሳለ ደረሰኛቸው በጫማ ካርቶን ውስጥ ተረስቶ ነበር። እንዲሁም ለጡረታ የሚቀመጥ አንድ ሒሳብ አለ፤ በግሉ የሚሠራ ሰው ዓመቱ ካለፈ በኋላም ቢሆን ግብሩን እስከሚያስታውቅበት ቀን ድረስ ሊከፍተውና ሊያስገባበት ይችላል። በዚያ 5,000 ዶላር አስገባን። ከተቀናሾች ሁሉ ይህን የወደድነው ገንዘቡ የራሳችን ሆኖ ስለ ቀረ ነው።

ክፍሏንም አልጣለቻትም። የሕጉ ሒሳብ በወር ነው፤ በዓመቱ ውስጥ ለሥራ ብቻ የዋለችባቸው ስድስት ወሮች፥ ከጃንዩወሪ እስከ ሜይና ዲሴምበር፥ ተቆጥረው ለዐሥራ ሁለት ተካፈሉ። 84 ካሬ ጫማ፥ 420 ዶላር። ሌላው 420 ዶላር እናታችን የተኙበት ነው።

በመጨረሻ ከመጀመሪያው ሰው ሒሳብ 1,900 ዶላር የሚበልጥ ግብር ወጣብን። ለዘገየው ክፍያም ወለድ መሰል ቅጣት ተጨመረ፤ ስሌቱ በዓመቱ መጨረሻ ከመቶ ስምንት ደርሶ ነበር። ከልጃችን የትምህርት ገንዘብ ጥቂት ወሰድን፥ የቀረውን ከመንግሥት ጋር ተዋውለን በየወሩ ከፈልን። የሒሳብ ዐዋቂዋም ለወደፊቱ አንድ ብልኀት አስተማረችን። ከደመወዝ ላይ የተቆረጠ ግብር፥ በማንኛውም ወር ቢቆረጥ፥ ዓመቱን ሙሉ እኩል እንደ ተከፈለ ይቆጠራል። ስለዚህ እመቤቲቱ ለአሠሪዋ በሚሰጠው ቅጽ ላይ ከደመወዟ ተጨማሪ እንዲቆረጥ ብታዝዝ፥ የአባወራው ግብር በእርሷ በኩል ይከፈላል፤ አራቱንም ቀኖች መፍራት ይቀራል። ከዚያ ወዲህ የምናደርገው እንዲሁ ነው።

ስለ መዝገብ አያያዝ ስትመክረንም የአንድ ተዋናይ ታሪክ ነገረችን። ጆርጅ ኤም ኮሃን በኒው ዮርክ በብሮድዌይ ቴአትር እጅግ የታወቀ ተዋናይና ደራሲ ነበር። ለጉዞና ለግብዣ ብዙ ገንዘብ ያወጣል፥ ነገር ግን አንዱንም አይጽፍም ነበር። ግብር ሰብሳቢው መሥሪያ ቤት ማስረጃ የለህም ብሎ ሁሉንም ከለከለው። በ1930 ግን በይግባኝ ፍርድ ቤት ዳኛ ለርንድ ሃንድ፥ አንድ ነገር እንዳወጣ ግልጽ ከሆነ ምንም አላወጣህም ማለት አይገባም፥ ግምቱ ግን መዝገብ ባልያዘው ሰው ላይ ሊከብድ ይችላል ብሎ ፈረደ። ይህ ፍርድ ለብዙ ዝርክርኮች መጠጊያ ሆኖ ከኖረ በኋላ፥ በ1962 ኮንግረስ ለጉዞና ለግብዣ በሩን ዘጋ፤ ዛሬ ለመኪናም ተዘግቷል። ለእነዚህ ማስረጃ የሌለው ሰው ዋጋው ባዶ ነው። አባወራው አሁን ከመኪናው ሳይወርድ ማይሉን ይጽፋል። ዝናብም ቢዘንብ ይጽፋል።

የኮምፒዩተር አማካሪዎች ከግብር ሕግ ጋር ያላቸው ክርክር ከእኛ እጅግ የቀደመ ነው። በ1986 በወጣው የግብር ማሻሻያ ሕግ ቁጥር 1706 ስለ ፕሮግራም ጸሐፊዎች፥ ስለ መሐንዲሶችና ስለ መሰሎቻቸው ለብቻ የተጻፈ ነው። በአገናኝ ኩባንያ በኩል ለደንበኛ የሚሠሩትን እንደ ግል ሠራተኛ ለማስቆጠር አሠሪዎች የሚጠለሉበትን ከለላ አነሣባቸው። ስለዚህ እስከ ዛሬ አንዳንድ አገናኞች አማካሪውን በግል ሠራተኛነት ሳይሆን በደመወዝ ካልሆነ አንቀጥርም ይላሉ። ለዚህ ወዳጃችንም አስቀድሞ የነገርነው ይህንኑ ነው፤ በደመወዝ ከተያዘ ከላይ ያወራነው ተቀናሽ ሁሉ አይመለከተውምና።

እኛን በቀጥታ የነካን ሌላ ሕግ ነበረ። አባወራው በ2023 ለራሱ ሥራ የሚሆን አንድ ትንሽ ፕሮግራም እዚያው አሜሪካ በሚኖር ባለሙያ አሠርቶ 6,000 ዶላር ከፈለ። ሌላ ጊዜ ቢሆን በዓመቱ ሙሉውን ይቀንሰው ነበር። ነገር ግን ከ2022 ጀምሮ የፕሮግራም ሥራ ወጪ በአምስት ዓመት እየተከፋፈለ ብቻ እንዲቀነስ ተደርጎ ስለ ነበረ፥ በመጀመሪያው ዓመት የተፈቀደለት ከመቶ ዐሥሩ፥ 600 ዶላር ብቻ ነው። በ2024 ሌላ 1,200። ገንዘቡ ከኪስ ወጥቷል፥ ለግብር ግን አልወጣም ተብሏል። በጁላይ 2025 የወጣው ሕግ በአሜሪካ ውስጥ ለተሠራው ይህን ስለ መለሰው የቀረውን 4,200 ዶላር በ2025 ሒሳብ ቀነስነው። ከአሜሪካ ውጭ የተሠራው ግን እስከ ዛሬ በ15 ዓመት ነው የሚከፋፈለው። በአዲስ አበባ ብርቱ ፕሮግራም ጸሐፊዎች አሉ፤ ከመካከላቸውም ዘመዶቻችን ይገኛሉ። በዚህ የሚኖር ወንድም ሥራ ሊሰጣቸው ሲያስብ ይህ የ15 ዓመት ቁጥር ከመካከል ይቆምበታል።

ከዚያች ሒሳብ ዐዋቂ ዘንድ በሄድን በመጀመሪያው ቀን፥ ልንወጣ ስንነሣ፥ እመቤቲቱ አንድ ጥያቄ ጨመረች። እናታችን ወደ አገር ቤት ከተመለሱ ወዲህ ለመድኃኒትና ለቤት ኪራይ በየወሩ እንልክላቸዋለን፤ እርሱስ አይቀነስም ወይ? ወይዘሮዋ መነጽሯን አወለቀች። የሥራ ወጪ አይደለም፤ ይህን እናንተም ታውቃላችሁ አለች። በጥገኛነት እንዳናስቆጥራቸውም፥ ሕጉ ጥገኛ የሚለው የአሜሪካ ዜጋ ወይም ነዋሪ፥ ያለዚያም የካናዳ ወይም የሜክሲኮ ነዋሪ የሆነውን ነው። ለቤተ ክርስቲያን የምንሰጠው እንኳ፥ ከሥራው ወጪ ባይገባም፥ በግል ተቀናሾች ዘንድ ቦታ አለው። ለእናት የሚላከው ግን በቅጹ ላይ የሚጻፍበት መስመር የለውም። «እኔም ለእናቴ ሃያ ሁለት ዓመት ልኬያለሁ» አለችን፤ ሌላ ቃል አልተናገረችም።

እናታችን በ2025 በጁን ወር እንደ ገና መጡ፤ እስከ ሴፕቴምበር መጨረሻም ቆዩ። በዚህ ጊዜ ግን አስቀድመን ተዘጋጅተን ነበር። ለሥራ የሚለየው ቦታ በግድግዳ መከለል የለበትም፤ ተለይቶ የሚታወቅ የክፍል ጥግ ሊሆን ይችላል፥ በዚያ ጥግ ሥራ ብቻ እስከ ተሠራበት ድረስ። ስለዚህ አልጋቸውን በበሩ በኩል፥ ጠረጴዛውን በመስኮቱ በኩል አደረግንና፥ አባወራው በጠረጴዛው ዙሪያ 6 ጫማ በ8 ጫማ ለክቶ በወለሉ ላይ ነጭ ፕላስተር ለጠፈ። 48 ካሬ ጫማ ነው። ይህም ለአራቱ ወሮች፥ ሙሉዋ ክፍል ደግሞ ለስምንቱ ወሮች ታስቦ የዓመቱ አማካይ 128 ካሬ ጫማ፥ ተቀናሹም 640 ዶላር ሆነ።

እማማ በመጡ ማግስት ፕላስተሩን አይተው፥ «ልጄ፥ ይህ ድንበር ምንድን ነው?» ሲሉ ጠየቁ። አባወራውም ከመስመሩ ወዲያ ያለው ለመንግሥት ለሥራ ብቻ ተብሎ የተጻፈ መሆኑን፥ ሌላ ነገር ሊቀመጥበት እንደማይገባ አስረዳቸው። ለጥቂት ጊዜ ዝም ብለው መስመሩን ተመለከቱት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከዚያ ወዲያ እግራቸውን አላነሡም፤ ነጠላቸው እንኳ ወደዚያ ከወደቀ በምርኩዛቸው ጫፍ ይስቡት ነበር። ማታ ማታ አባወራው ሲሠራ እርሳቸው ከአልጋቸው ጠርዝ ተቀምጠው ጥጥ ይፈትላሉ፥ ልጆቹም እየሮጡ ሲገቡ ከመስመሩ ላይ ያስቆሟቸዋል።

«ወዲህ ኑ፤ ከዚያ ወዲያ የመንግሥት መሬት ነው» ይሏቸዋል።